ሙቀትን የሚችል ግራሶ ምን ዓይነት ነው?



በዛሬው የሳይንስ ዓምዳችን የምናቀርበው ትምህርት ስለ ግራሶ ነው። «ግራሶ ደግሞ ምን ትምህርት አለው? የጋራዥ ነገር አይደል እንዴ?» የሚል ሰው እንደማይጠፋ እናውቃለን። ነገር ግን ተመርቀን ስንወጣ ብዙዎቻችን ወደምንመደብበት ትምህርት ቤት የምንደርሰው በአውቶቡስ ወይም በጭነት መኪና ነው። በመንገዱ ላይ ስንት ዳገትና ስንት ቁልቁለት አለ! ያን ሁሉ ሰውና ዕቃ የተሸከመው ጎማ የሚዞረው በኩሽኔታ ላይ ነው፤ ኩሽኔታው ደግሞ ዕድሜ የሚኖረው በግራሶ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የመካኒክ ብቻ ሳይሆን የተሳፋሪውም ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የሙያችን ነው። ስለ ሰበቃ፣ ስለ ሙቀት፣ ስለ ጉልበት መለዋወጥና ስለ ሳሙና አሠራር የሚያስተምር መምህር እነዚህን አራቱን በአንድ ማንኪያ ላይ የሚያሳይለት ነገር ቢፈልግ ከግራሶ የተሻለ በቀላሉ አያገኝም። ግራሶ ደግሞ መኪና በሚደርስበት ከተማ ሁሉ ይገኛል።

ሀ. ግራሶ ከምን ይሠራል?

ብዙ ሰው ግራሶን ዝም ብሎ የወፈረ ዘይት አድርጎ ይገምተዋል። እንደዚያ አይደለም። ግራሶ የሦስት ነገሮች ድብልቅ ነው።

1ኛ/ መሠረታዊ ዘይት፦ ከጠቅላላው ከ70 እስከ 95 በመቶ ያህሉን ይይዛል። ከድፍድፍ ነዳጅ የተጣራ ወይም በፋብሪካ በኬሚካል የተቀነባበረ ሊሆን ይችላል።

2ኛ/ ማወፈሪያ፦ ከ3 እስከ 30 በመቶ ያህል ነው።

3ኛ/ ልዩ ልዩ ቅመሞች፦ ዝገትን፣ መበላትንና በአየር መበላሸትን ለመከላከል የሚጨመሩ ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 በመቶ አይበልጡም።

ማወፈሪያው ብዙውን ጊዜ ሳሙና ነው። አዎ፣ ሳሙና! ሳሙና ማለት የስብ አሲድ ከአልካሊ ጋር ሲዋሐድ የሚገኝ ነገር ነው። የልብስ ሳሙና የሚሠራው በሶዲየም አልካሊ ነው። ለግራሶ ግን እንደ አገልግሎቱ ካልሲየም፣ ሶዲየም ወይም ሊቲየም ይገባበታል። ይህ ሳሙና በኃይለኛ ማይክሮስኮፕ ሲታይ እርስ በርሱ እንደ ተጠላለፈ ቃጫ ነው። ዘይቱ በቃጫዎቹ መካከል ተይዞ ይቀመጣል።

ነገሩን ለመረዳት እንጀራን እናስብ። እንጀራ በዓይኑ ወጡን ይይዛል፤ ጫን ሲሉት ወጡ ይወጣል። ግራሶም እንደዚሁ ነው። ኩሽኔታው ሲዞርና ሲጫነው ጥቂት ጥቂት ዘይት ይሰጣል፤ ያ ዘይት በኳሱ ወይም በጥቅልሉ ብረትና በቀለበቱ መካከል ገብቶ ብረት ከብረት እንዳይነካካ ያደርጋል። የዚህ የዘይት ንጣፍ ውፍረት ብዙውን ጊዜ ከ1 ማይክሮን አይበልጥም። ማይክሮን ማለት የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። አንድ የራስ ጠጉር እንኳ ከዚህ በብዙ አሥር እጥፍ ይወፍራል። የመኪናው ክብደት ሁሉ የሚያርፈው በዚህች ስስ ንጣፍ ላይ ነው እንግዲህ።

እዚህ ላይ መያዝ ያለብን ቁም ነገር፦ የሚያለሰልሰው በዋናነት ዘይቱ ነው፤ ሳሙናው የዘይቱ ጎተራ ነው። ሙቀት ሁለቱንም ያጠቃል። ስለዚህ ስለ ሙቀት ግራሶ ስንጠይቅ «ጎተራው ይቆማል ወይ?» እና «እህሉ አይነቅዝም ወይ?» ብለን ሁለት ጥያቄ ነው የምንጠይቀው።

ለ. ሙቀቱ ከየት ይመጣል?

ኩሽኔታው ራሱ በመዞሩ ጥቂት ይሞቃል። ዋናው ሙቀት ግን ከፍሬን ነው የሚመጣው። ፍሬን ማለት የመኪናን የእንቅስቃሴ ጉልበት ወደ ሙቀት የሚለውጥ መሣሪያ ነው፤ ጉልበት አይጠፋም፣ መልኩን ብቻ ይለውጣል።

በስሌት እንየው። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደው መንገድ ከፍታው ከ1,000 ሜትር በላይ ይቀንሳል። እኛ ግን ለስሌቱ እንዲመቸን 1,000 ሜትር ብቻ እንያዝ። ከነጭነቱ 15,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና ይህን ከፍታ ሲወርድ የሚለቀው እምቅ ጉልበት፦

15,000 × 9.8 × 1,000 = 147,000,000 ጁል

ይሆናል። ይህ ምን ያህል ነው? አንድ ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ወደ 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለማሞቅ 4,200 × 70 = 294,000 ጁል ያስፈልጋል። 147,000,000ን ለ294,000 ብናካፍለው 500 እናገኛለን። እንግዲህ መኪናው ቁልቁለቱን ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 500 ሊትር ውሃ፣ ማለትም ባለ 200 ሊትር ሁለት በርሜል ተኩል፣ ለመፍላት እስኪቃረብ ድረስ ያሞቃል ማለት ነው!

በርግጥ ይህ ሁሉ ፍሬን ላይ አያርፍም። የአየር ግፊትና የጎማው ሰበቃ ከፊሉን ይወስዳሉ። ሾፌሩ በከባድ ማርሽ ከወረደ ደግሞ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይዞ ብዙውን ድርሻ ይቀበላል። ልምድ ያላቸው ሾፌሮች ቁልቁለት ላይ «በማርሽ ያዘው እንጂ በፍሬን አትውረድ» የሚሉት ለዚሁ ነው። ማርሹን ዜሮ አድርጎ ነዳጅ ለመቆጠብ የሚወርድ ሾፌር ግን ያን ሁሉ ሙቀት በፍሬኑ ላይ ይጭናል።

የፍሬኑ ታምቡር ወይም ዲስክ በከባድ ቁልቁለት ብዙ መቶ ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። ሙቀቱ ከዚያ ጎማው ወደሚታሰርበት መካከለኛ ብረት፣ ጋራዥ ውስጥ ሞዞ ወደሚባለው፣ በብረቱ ውስጥ ይተላለፋል። ኩሽኔታው የተቀመጠው ደግሞ እዚያው ሞዞው ውስጥ ነው። እንደ ፍሬኑ ባይግልም ከ100 ዲግሪ በላይ ሊሞቅ ይችላል።

ግራሶው ይህን ካልቻለ ሁለት ጉዳት በአንድ ጊዜ ይመጣል። አንደኛው፣ ግራሶው ቀልጦ ስለሚፈስ ኩሽኔታው ይደርቃል፤ ብረት ብረትን ይበላል፤ ብሎም ጎማው እስከ መያዝ ወይም እስከ መውለቅ ይደርሳል። ሁለተኛው፣ የቀለጠው ግራሶ የዘይት መከልከያውን ላስቲክ አልፎ የፍሬኑ ሸራ ላይ ይፈስሳል። ሸራው በግራሶ ከራሰ ታምቡሩን ጨብጦ መያዝ አይችልም። ይህ የሚሆነው ደግሞ ፍሬን በጣም በሚፈለግበት ቦታ፣ ቁልቁለቱ መሐል ላይ ነው። አንድ ጣሳ ግራሶ ብዙ ነፍስ ይዟል ብንል ማጋነን አይሆንም።

ሐ. የሙቀት ግራሶ ጠባዮች

1. የጠብታ ነጥብ

ይህ ግራሶው ዘይቱን መያዝ አቅቶት የመጀመሪያዋን ጠብታ የሚጥልበት ሙቀት ነው። አለካኩ ቀላል ነው፦ ታችዋ ቀዳዳ ያላት ትንሽ ጽዋ ውስጥ ግራሶ ይቀባል፤ ቴርሞሜትር ገብቶ ቀስ እያለ ይሞቃል፤ ጠብታ ሲወድቅ ሙቀቱ ይነበባል። ውጤቱ እንደ ማወፈሪያው ይለያያል፦

— ተራ የካልሲየም ግራሶ፦ 95 እስከ 100 ዲግሪ ግድም
— የሶዲየም ግራሶ፦ 170 ዲግሪ ግድም
— የሊቲየም ግራሶ፦ 190 ዲግሪ ግድም
— የሊቲየም ኮምፕሌክስ ግራሶ፦ ከ250 ዲግሪ በላይ
— በቤንቶናይት ሸክላ የወፈረ ግራሶ፦ የጠብታ ነጥብ የለውም፤ ሸክላ አይቀልጥምና።

ኮምፕሌክስ የሚባለው ሁለት ዓይነት አሲዶች በአንድ ላይ ገብተውበት ሳሙናው የበለጠ የተጠላለፈና የጠነከረ ሲሆን ነው።

ታሪኩንም በአጭሩ እንጥቀስ። ክላረንስ ኤርል የተባለ አሜሪካዊ በሊቲየም ግራሶ ላይ የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1942 ነው። ከዚያ በፊት ውሃ የሚችለው የካልሲየም ግራሶ ሙቀት አይችልም ነበር፤ ሙቀት የሚችለው የሶዲየም ግራሶ ደግሞ በውሃ ይታጠብ ነበር። ሊቲየም ሁለቱንም በአንድ ላይ ስላመጣ በዓለም ላይ እጅግ የተስፋፋ ግራሶ ሆነ።

2. የዘይቱ ዕድሜ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «ጣሳው ላይ 260 ዲግሪ ይላል፤ እንግዲህ እስከ 260 ይሠራል» ይላል። አይሠራም። የጠብታ ነጥብ ግራሶው የሚፈርስበት ድንበር ነው እንጂ የሚሠራበት ሙቀት አይደለም። ተራ የሊቲየም ግራሶ ለዘለቄታው የሚሠራው እስከ 120 ወይም 130 ዲግሪ ግድም ነው፤ ኮምፕሌክሱም በማዕድን ዘይት ከተሠራ እስከ 150 ዲግሪ ግድም ነው።

ምክንያቱ ዘይቱ ነው። ዘይት ሲሞቅ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ይዋሐዳል፤ ይጠቁራል፤ አሲድ ያፈራል፤ በመጨረሻም እንደ ሬንጅ ይደርቃል። የሸክላ ግራሶም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም፤ ሸክላው ሳይቀልጥ ቆሞ ዘይቱ ብቻ ይቃጠላል። ቤቱ ቆሞ ባለቤቱ እንደ ሞተ ማለት ነው።

ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት አንድ ግምታዊ ሕግ አለ፦ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የግራሶው ዕድሜ በግማሽ ይቀንሳል። ለምሳሌ ያህል በ100 ዲግሪ 1,000 ሰዓት የሚያገለግል ግራሶ ብንወስድ፣ በ110 ዲግሪ 500፣ በ120 ዲግሪ 250፣ በ130 ዲግሪ 125 ሰዓት ይሆናል። በ40 ዲግሪ ጭማሪ ዕድሜው ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ይወርዳል። የሒሳብ ሠልጣኞች ይህን አይታችሁ ጂኦሜትሪያዊ ቅደም ተከተል መሆኑን ሳትገነዘቡ አትቀሩም። ለክፍል የሚሆን ጥሩ ምሳሌ ነው።

ስለዚህ ጥሩ የሙቀት ግራሶ ኦክስጅንን የሚቋቋም ቅመም ይኖረዋል፤ ከበድ ላለ ሙቀት የሚሠራው ደግሞ በኬሚካል የተቀነባበረ ዘይት ይገባበታል።

3. የዘይቱ ዝልግልግነት

ማር ሲሞቅ እንደሚቀጥን ዘይትም ሲሞቅ ይቀጥናል። በጣም ከቀጠነ ያች ስስ ንጣፍ ትበጠሳለች። በመሆኑም ለሙቀት የሚሠራ ግራሶ ዘይቱ ከመነሻው ወፈር ያለና ሲሞቅም ቶሎ የማይቀጥን መሆን አለበት። ከመጠን በላይ ከወፈረ ግን ደጋ ላይ ጧት ጧት አልዞር ይላል። ልኩን መምረጥ ነው ብልሃቱ።

4. ጥንካሬ

ጣሳው ላይ 1፣ 2፣ 3 የሚል ቁጥር እናያለን። ይህን መለያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1933 በአሜሪካ የተቋቋመው የግራሶ ኢንስቲትዩት (ኤን.ኤል.ጂ.አይ.) ነው። ደረጃዎቹ ከባለ ሦስት ዜሮ ተነሥተው እስከ 6 ይደርሳሉ። ልኬቱ የሚወሰደው በ25 ዲግሪ ሙቀት 60 ጊዜ በታሸ ግራሶ ላይ ሾጣጣ ብረት ተለቅቆ በ5 ሴኮንድ ውስጥ ምን ያህል እንደ ሰመጠ በማየት ነው። 2 ቁጥር ላይ ሾጣጣው ከ26.5 እስከ 29.5 ሚሊ ሜትር ይሰምጣል። ለመኪና ጎማ ኩሽኔታ በብዛት የሚታዘዘው ይኸው 2 ቁጥር ነው። ልብ እንበል፦ ይህ ቁጥር የጥንካሬ ነው እንጂ የሙቀት አይደለም። 3 ቁጥር ስለሆነ ብቻ ከ2 ቁጥር ይልቅ ሙቀት ይችላል ማለት አይቻልም።

5. ውሃንና ጭነትን መቋቋም

ክረምት ላይ መኪና ወንዝና ጎርፍ ያቋርጣል። የጋለ ሞዞ ድንገት በቀዝቃዛ ውሃ ሲነከር ውስጡ ያለው አየር ስለሚኮማተር ውሃ ወደ ውስጥ ሊሳብ ይችላል። በውሃ የማይታጠብ ግራሶ ካልሆነ ክረምቱን አይዘልቅም። ለከባድ ጭነት ደግሞ ብረት ከብረት እንዳይጣበቅ የሚከላከል ቅመም ይጨመርበታል፤ ሞሊብዲነም ዳይሰልፋይድ የሚባለው ጥቁር ዱቄት አንዱ ነው።

መ. በሰፊው የተለመዱ ስሕተቶች

«ቀዩ ግራሶ የሙቀት ነው» ይባላል። ቀለም ምስክር አይሆንም! ቀይም ሰማያዊም አረንጓዴም ፋብሪካው የሚጨምረው ማቅለሚያ ነው። ሁለት ቀያይ ግራሶዎች አንዱ ሊቲየም ኮምፕሌክስ፣ ሌላው ተራ ካልሲየም ሊሆኑ ይችላሉ። መታየት ያለበት ጽሑፉ ነው፦ የማወፈሪያው ዓይነት፣ የጠብታ ነጥቡ፣ የጥንካሬ ቁጥሩና ለጎማ ኩሽኔታ መሆኑ። ጂ.ሲ. የሚል ምልክት ካለበት ለጎማ ኩሽኔታ በከፍተኛ ሙቀት የተፈተነ ነው፤ ኤል.ቢ. ደግሞ ለሻንሲ መገጣጠሚያዎች የሚሆን ነው።

«ያለው ላይ ጨምርበት» ይባላል። ማወፈሪያቸው የማይስማማ ሁለት ግራሶዎች ሲደባለቁ፣ ለምሳሌ ሊቲየምና ሸክላ፣ ሁለቱም ለየብቻቸው ጥሩ ሆነው ሳለ ድብልቁ ቀጥኖ ሊፈስስ ይችላል። አሮጌውን በነጭ ጋዝ አጥቦ፣ አድርቆ፣ አዲሱን መቀባት ይሻላል። ሲታጠብ እሳትና ሲጋራ በአካባቢው አይኑር።

«በደንብ ሙላው» ይባላል። ሞልቶ የተጠቀጠቀ ግራሶ ኩሽኔታው ሲዞር እየታመሰ ራሱ ሙቀት ይፈጥራል። ኩሽኔታው ሲቀባ በመዳፍ ላይ ግራሶ አድርጎ፣ በሰፊው ጠርዝ በኩል እየጫኑ በጥቅልሎቹ መካከል ዘልቆ በወዲያኛው እስኪወጣ መግፋት ነው። የቀረው የሞዞው ባዶ ቦታ ግን ጢም ብሎ አይሞላም።

የተበላሸ ኩሽኔታ ሳይናገር አይሞትም። እየዞረ ያጉረመርማል። ከጉዞ በኋላ አንዱ ጎማ ከሌሎቹ ተለይቶ ይግላል። የተቃጠለ ዘይት ይሸታል። ተፈትቶ ሲታይ ግራሶው ጠቁሮ ደርቋል፤ ብረቱ ሰማያዊ ከመሰለ 300 ዲግሪ ገደማ ደርሶ ነበር ማለት ነው። ረዳቱ «ጋሼ፣ የኋላው ጎማ ሸተተኝ» ሲል ሾፌሩ «ዝም በል፣ እንደርሳለን» ከማለት ቆሞ ቢያይ ይመረጣል።

ሠ. ዛሬስ?

በቅርብ ዓመታት ሊቲየም ለባትሪ ስለሚፈለግ ዋጋው እ.ኤ.አ. በ2021 እና በ2022 እጅግ ንሮ ነበር። በዚህ ምክንያት የግራሶ ፋብሪካዎች ካልሲየም ሰልፎኔት ኮምፕሌክስ ወደሚባለው ዓይነት ፊታቸውን አዙረዋል፤ የጠብታ ነጥቡ ከ300 ዲግሪ የሚያልፍና ውሃንም በደንብ የሚችል ነው። ካልሲየም ከሙቀት ተሸናፊነት ተነሥቶ እንደገና ተመለሰ ማለት ይቻላል።

በአገራችን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2024 የነዳጅ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ተወስኖ የኤሌክትሪክ መኪና በርክቷል። «እንግዲህ ግራሶ ቀረ» የሚል ካለ አልቀረም። የኤሌክትሪክ መኪና ሞተሩ ቁልቁለት ላይ ጄኔሬተር ሆኖ ያንን ጉልበት ወደ ባትሪ ይመልሳል፤ ፍሬኑ ያነሰ ይሞቃል። ጎማው ግን አሁንም በኩሽኔታ ላይ ነው የሚዞረው። ባትሪው ገና ከአናት ላይ ሙሉ ከሆነ ደግሞ የሚመለሰውን ጉልበት የሚቀበልበት ቦታ ስለሌለው ሥራው ወደ ፍሬኑ ይመለሳል።

ረ. በክፍል ውስጥ እንዴት እናሳየው?

ሙከራ 1፦ በሦስት ትንንሽ ቆርቆሮ ክዳኖች ላይ ቅቤ፣ የሻማ ቁራጭና የሊቲየም ግራሶ ለየብቻ እናድርግ። ክዳኖቹን ሙቅ ውሃ ላይ አንሳፍፈን ውሃውን ቀስ በቀስ እናሙቅ። ቅቤው ይቀድማል፤ ሻማው ይከተላል፤ ግራሶው ግን ውሃው ቢፈላም ቅርጹን ይዞ ይቆያል። ተማሪዎች ግራሶ ስብ ብቻ አለመሆኑን በዓይናቸው ያያሉ።

ሙከራ 2፦ የግራሶ ቁራጭ በጋዜጣ ወረቀት ላይ አድርገን ፀሐይ ላይ እናቆየው። በዙሪያው የዘይት ክብ ይሠራል፤ ጎተራው ዘይቱን ጥቂት ጥቂት ሲሰጥ ይታያል።

ማስጠንቀቂያ፦ ግራሶን በቀጥታ እሳት ላይ አናድርግ፤ ጢሱ ይጎዳል፤ ሊቀጣጠልም ይችላል። ከሙከራው በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠብ። በሳሙና የተሠራን ነገር በሳሙና ስናጥብ ምክንያቱን ለተማሪዎች መጠየቅም ራሱ አንድ ትምህርት ነው።

ለአንባብያን የቀረቡ ጥያቄዎች

1. 10,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን አውቶቡስ 600 ሜትር ከፍታ ሲወርድ ስንት ጁል ይለቃል? ስንት ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 90 ዲግሪ ያሞቃል?

2. አንድ ግራሶ በ90 ዲግሪ 2,000 ሰዓት ቢያገለግል፣ በግምታዊው ሕግ መሠረት በ140 ዲግሪ ስንት ሰዓት ያገለግላል?

3. ሁለት ጣሳ አለ። አንዱ ቀይ ሆኖ «ካልሲየም፣ 3 ቁጥር» ይላል፤ ሌላው ቡናማ ሆኖ «ሊቲየም ኮምፕሌክስ፣ 2 ቁጥር፣ ጂ.ሲ.» ይላል። ቁልቁለት ለሚበዛበት መንገድ የትኛውን ትመርጣላችሁ? ለምን?

መልሳችሁን ከነስሌቱ ጽፋችሁ ለሳይንስ ዓምድ አዘጋጆች አቀብሉን። ትክክለኛውን መልስ በሚቀጥለው እትም እንለጥፋለን።